ቅቤው ዝም እስኪል

ነገሩ የጀመረው በተቃጠለ ድስት ነው። እህቴ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሰው ሻንጣ የላከችልኝን የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ከካርቶኑ አወጣሁና ላስቲኩን እንኳ ገፍፌ ሳልጨርስ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኛው 220 መሆኑን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ደስታዬ ዕውቀቴን በለጠው። ጧ አለ፣ ጭስ ወጣ፣ ቆጣሪው ወደቀ። ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ደግሞ ምን ገዛህ?» አለችኝ።

ኩሽናዬን ያዩ ወዳጆቼ «ሱቅ በደረቴ» ይሉታል። ኤር ፍራየር አለኝ፣ ሁለት ብሌንደር (አንዱ አይሠራም)፣ የሊጥ ማሽን፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ የእጅ መፍጫ፣ አንዲት ግራም እንኳ ለይቶ የሚለካ ሚዛን፣ ዘንጉ ወጥ ውስጥ የሚነከር ቴርሞሜትር። እህቴም ያው ናት፤ በሽታው የቤተሰብ ነው። የድስቱን መርዶ ስነግራት ስቃ ስታበቃ፣ «ለመስቀል እቴቴ ጋ ትሄድ የለ?» አለችኝ። «የክትፎ ቅቤያቸውን በግራምና በዲግሪ ጽፈህ ላክልኝ። እኔ አሥር ጊዜ አንጥሬ አሥር ዓይነት ነገር ነው የወጣልኝ።»

እቴቴ የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያ ቅቤ የቀረው በእሳቸው እጅ ብቻ ነው። ሚዛኑን፣ ቴርሞሜትሩንና የእጅ መፍጫውን በካልሲ ጠቅልዬ ተነሣሁ።

መስከረም 13 ቀን 2017፣ ሰኞ። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ

በመስቀል ሰሞን ወደ ጉራጌ አገር በሚኒባስ ለመሄድ የሞከረ ሰው መናኸሪያውን አይረሳውም። በሌላ ጊዜ 200 ብር ይሄድ የነበረው መንገድ ያን ሰሞን 400 ይጠራ ነበር፤ ያውም ከተገኘ። እኔን ያዳነኝ ወደ ሆሳዕና ለበዓል የሚሄድ ባለ ቪትዝ ጓደኛዬ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተን በዓለም ገና በኩል ወጣን።

አዋሽን የምንሻገረው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄድን በኋላ መልካ ቁንጡሬ ላይ ነው። ዩኔስኮ ይህንን ሥፍራ በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ጋር አድርጎ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ገና ሐምሌ 2016 ላይ ስለሆነ፣ አላይም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጓደኛዬ «ድንጋይ ለማየት ነው የምታቆመኝ?» ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፤ ድንጋይ ነው። ግን ምን ዓይነት ድንጋይ! ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ስስ። ባልጩት ነው። የጥንት ሰዎች ከሚሊዮን ዓመት በላይ ከሆነው ጊዜ ጀምሮ እዚህ ወንዝ ዳር እየጠረቡ መቁረጫ ሲያደርጉት ኖረዋል። አንዱ ልክ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ያለው ነው። እኔ ለሴራሚክ ቢላ 1,800 ብር ከፍዬ በሁለተኛው ሳምንት ጫፉ ተሰብሮብኛል። ይህ ግን ከነጠርዙ እዚህ ደርሷል።

መንገድ ላይ እንቁላል ፍርፍርና ሻይ ለሁለት 260 ብር በላን። ከዚያ ጢያ። 36ቱ ትክል ድንጋዮች በ1980 (እ.ኤ.አ.) የተመዘገቡ ስለሆኑ የመልካ ቁንጡሬ ታላቅ ወንድሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያያቸው በላያቸው ለተቀረጹት ሰይፎች ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ከሰይፎቹ በታች ያለውን፣ ቅርንጫፍ የሚመስለውን ቅርጽ ነበር። አስጎብኚው «እንሰት ነው» አለን። ሊቃውንቱ በትርጉሙ ገና ይከራከራሉ፤ እኔ ከአስጎብኚው ጋር ነኝ። ድንጋዮቹ የቆሙበት አገር ከአጥር እስከ አጥር እንሰት ነዋ።

ከቡታጅራ አስፋልት ወጥተን ወደ እቴቴ መንደር ስንታጠፍ ቪትዟ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። አምስት ልጆች ከየት መጡ ሳይባል መጡ፣ ገፉ፣ አወጡን። ስንት እንደምንከፍል ስንጠይቅ ትልቁ ልጅ «ዋጋ የለውም፤ ለመስቀል ግን ያሰባችሁትን» አለ። 500 ብር አስበን ተገኘን።

መስከረም 14፣ ማክሰኞ። የእቴቴ ጓዳ

እቴቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕቃዎቻቸው ከበዓሉ በፊት ታጥበው፣ ጣባዎቹ በቅቤ ታሽተው ጥቁር ሆነው፣ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። ምድጃው ሁለት ነው፤ ለምጣዱ ዙሪያውን የተዘጋው ምርጥ ምድጃ፣ ለድስቱ ደግሞ ሦስት ጉልቻ። «ያኛው እንጨት ይቆጥባል፤ ይሄኛው ይታዘዛል» አሉኝ፤ ማለታቸው እንጨቱን ሳብ ገፋ እያሉ እሳቱን በፈለጉት መጠን ማድረግ ይቻላል ነው። ብዙ ብር የወጣበት የኔ ምድጃ አዝራርም ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም።

ጠዋት የቆጮው ጉድጓድ ተከፈተ። ከላይ ድንጋይ፣ ከሥሩ ኮባ፣ ከኮባው ሥር ባለፈው ዓመት ኅዳር የገባው ቆጮ። ሽታው ዓይን ያስጨፍናል። ሰው እንሰትን በደፈናው ሐሰተኛ ሙዝ እያለ ያልፈዋል፤ ፍሬውን ግን ማንም አይበላውም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ተክሉ ለዓመታት ያድጋል፣ ይፋቃል፣ ሥሩ ይፈቀፈቃል፣ ተደባልቆ ጉድጓድ ይገባል፣ ሲጨመቅ የሚወጣው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ይሆናል፣ ቃጫው ደግሞ ገመድ። 20 ሚሊዮን ያህል የአገራችን ሰው በዚህ ተክል ይኖራል ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኜ በክትፎ ቤት አራት ማዕዘን ተቆርጣ የምትመጣውን ቆጮ ብቻ ሳውቅ፣ ከኋላዋ ይህን ያህል የሴቶች ጉልበት እንዳለ አላሰብኩም ነበር።

ከጉድጓድ የወጣው ይጨመቃል፣ ቃጫው እንዲቆራረጥ በትልቅ ቢላ ደጋግሞ ይከተፋል፣ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። «የሊጥ ማሽን አለኝ» ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቃጫው ዘንጉን በአንድ ደቂቃ ይተበትበው ነበር።

ከሰዓት ድስት ውሃ ሲፈላ ቴርሞሜትሬን አወጣሁ።

«ምንድን ነው እሱ፣ የበሽተኛ መለኪያ?»

«የውሃ ትኩሳት መለኪያ ነው፣ እቴቴ።»

«ሲፈላ አታየውም እንዴ?»

93 ዲግሪ አለ። ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ይፈላል ብለውናል፤ እሱ ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ከፍ እያልን ስንሄድ የአየሩ ጫና ይቀንሳል፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ እኔ ቤት 92 ነው፣ ለክቼዋለሁ። ቡታጅራ ትንሽ ዝቅ ስለምትል 93። ስለዚህ በደጋ ውሃው ቶሎ ይንፈቀፈቃል እንጂ ያን ያህል ትኩስ አይደለም፤ ባቄላ የማይበስልልንም ለዚህ ነው። ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ በ1679 (እ.ኤ.አ.) የሠራው እንፋሎት አፍኖ የሚያበስል ድስት ደግሞ ያንኑ ነገር በተቃራኒው ይሠራበታል፤ ጫናው ሲጨምር ውሃው ከ100 በላይ ይግላል። እኔ ያቃጠልኩት ዕቃ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ይህንን ሁሉ ለእቴቴ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝና «እኛ ባቄላውን ማታ እንዘፈዝፋለን» አሉኝ።

ማታ ጎመን ክትፎ ነበር። እንደ ትንባሆ ደቅቆ የተከተፈ ጎመን፣ አይብ፣ ቅቤ፣ ሚጥሚጣ። ከሥጋው ክትፎ ይሄን አስበልጣለሁ ብል ዘመዶቼ እንዳይሰሙኝ።

መስከረም 15፣ ረቡዕ። ማንጠሩ

ዘንድሮ መስቀል የዋለው ዓርብ ነው። ዓርብ ጾም፣ ረቡዕም ጾም። ስለዚህ እርዱ ሐሙስ እንዲሆን ተወስኖ፣ ቅቤው ረቡዕ መነጠር ነበረበት። ይህን ያነሣሁት እቴቴ ያን ቀን ቅቤውን አንዲት ጠብታ አልቀመሱም ለማለት ነው። አንድም ጊዜ።

ቅቤውን የገዛነው ከቡታጅራ ገበያ ነው፤ ኪሎው 900 ብር፣ የበዓል ዋጋ። ከእርጎ የተናጠ ስለሆነ ጠረኑ ሩቅ ይሰማል። ሚዛኔ ላይ 2,040 ግራም መጣ። ከዚያ ቅመሙ፦ ኮረሪማ ሰባት ፍሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አብሽ ቆንጠር፣ እርድ ለመልክ ያህል። የቅቤው ነፍስ ግን ኮሰረት ነው፤ ያለሱ ቅቤው ለወጥ ይሆናል እንጂ ለክትፎ አይሆንም ይላሉ። መጠኑ «አንድ እፍኝ»።

«እፍኟን ሚዛን ላይ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። 8 ግራም። መልሰው ዘገኑ፤ 9። ሦስተኛ፤ 8። እኔ ዘገንኩ፤ 13። እቴቴ መዳፌን ይዘው አዩና «ይሄ የአባትህ እጅ ነው» አሉ። እህቴ ግን የእናታችን እጅ ነው ያላት፤ የእናታችን ደግሞ የእቴቴ። በደብተሬ ላይ 8 ግራም ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ «እሷ በእጇ ትዝገን» አልኩበት።

ድስቱ ጉልቻ ላይ ወጣ። ቅቤው ቀልጦ መንጫጫት ሲጀምር ቴርሞሜትሩን ከተትኩ። 93። አምስት ደቂቃ ቆይቶ 93። አሥር ደቂቃ፣ ያው። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ሙቀቱ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ሚዛኔን ለመጨረሻው ልኬት ላዘጋጅ ስል መስታወቱ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ባትሪው አልቋል። የጎረቤት ልጅ ወደ ሱቅ ላክሁ፤ የሰዓት ባትሪ ይዞ መጣ፤ አልገባም። ምን ይሻላል ስል ስልኬን አወጣሁና ድስቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ አድርጌ ድምፁን መቅዳት ጀመርኩ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ አንድ ነገር መመዝገብ ስላለብኝ ይመስለኛል።

እቴቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ከሴት ልጃቸው ጋር ስለ አንድ ሠርግ ያወራሉ። በመካከሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አውጣው» አሉ።

ቴርሞሜትሩን አየሁ። 95።

«ገና ነው፣ እቴቴ። አሁን ነው መውጣት የጀመረው።»

«አውጣው፣ አንተ ልጅ! ዝም ብሏል እኮ።»

አዳመጥኩ። እውነትም ጫጫታው ረግቦ እዚህም እዚያም አንዳንድ ጠብታ ብቻ ነበር የሚጮኸው። ድስቱን በኮባ ይዤ ሳወርድ ቁጥሩ 104 ደርሶ ነበር፤ ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከእሳት ወርዶም ወደ 110 ወጣ። የቆየሁባት ጥቂት ሰከንድ ዝቃጩን ቡናማ አድርጋዋለች፤ እቴቴ አሸተቱና «ትንሽ ጠብሰኸዋል፤ ግድ የለም» አሉ። «ሲንጫጫ ውሃ አለው። ዝም ሲል ውሃው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቃጠለው ራሱ ነው።» ይህን ያህል ፊዚክስ ጀርባን ሰጥቶ!

2,040 ግራም ገብቶ ስንት እንደወጣ አላወቅሁም። ይህ ቁጥር ከዚህ በኋላም ይከተለኛል።

መስከረም 16፣ ሐሙስ። ክትፎ

በሬው የሰፈር ቅርጫ ነው፤ የአንዱ ድርሻ 9,000 ብር ደረሰ። ጅማቱና ስቡ የወጣለት ቀይ ሥጋ ለብቻው ሲቀርብ የእጅ መፍጫዬን አመጣሁ። ቀኑን ሙሉ ሲያሾፉብኝ ለዋሉት የአክስቴ ልጆች የማሳይበት ሰዓት ነው ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። ሥጋው እንደ ጥርስ ሳሙና ተለጠፈ። ማሽኑ ሥጋ አይቆርጥም፤ ይደቁሳል። የጎረቤቱ ጋሼ በእንጨት መክተፊያ ላይ ሁለት ቢላ ይዘው ሃያ ደቂቃ ሲሠሩበት ደግሞ ሥጋው እንክብል እንክብል ብሎ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው ሆኖ ወጣ። የኔ ድርሻ በሽንኩርት ተጠብሶ ለልጆች ተሰጠ።

ጣባው ሞቅ ተደረገ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ሥጋው ገባ። እቴቴ «በቃ» ሲሉ 48 ዲግሪ አነበብኩ፤ ጣት የሚታገሠው ሙቀት። በቀንድ ማንኪያ ነው የሚበላው። ማንኪያው አይግልም፣ አይቀዘቅዝም፣ የብረት ጣዕም የለውም። አዲስ አበባ አንድ ክትፎ 700 ብር ከፍዬ በብረት ሹካ ስበላ ምን እንደጎደለ ያልገባኝ ይኸው ነው። ደግሞ አንድ ነገር፦ የተጠበሰው ዝቃጭ ጣዕም ነበረበት። ማንም አላለም፤ እኔ ግን አገኘሁት።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ መስቀል። ቆጮ በዘይት በተሠራ ጎመን፣ ቡና፣ እንቅልፍ።

መስከረም 18 እና 19፣ ቅዳሜና እሑድ። እስከ አርባ ምንጭ

የእቴቴ ልጅ አርባ ምንጭ ነው የሚሠራው። ለበዓል መምጣት ስላልቻለ የቅቤው እኩሌታ ለእሱ በእኔ እጅ ተላከ፤ በፕላስቲክ የዘይት ዕቃ፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ። በወራቤ፣ በሆሳዕና አድርጌ ሶዶ አደርኩ፤ አልጋ 500 ብር፣ ውሃ የለም።

ችግሩ የመጣው በማግስቱ፣ ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ ነው። ቡታጅራ ላይ እንደ ድንጋይ የረጋው ቅቤ ቆላው ሲጠጋ ቀለጠ። ቦርሳዬ ከላይ መደርደሪያው ላይ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ ሴት ነጠላቸውን ሲዳብሱ አየሁ፤ ቀና ሲሉ አንዲት ቢጫ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈች። አውቶቡሱ በሙሉ ዞረብኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ 300 ብር አወጣሁ። ሴትዮዋ ብሩን ሳይቀበሉ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ኮሰረት ነው?» አሉኝ። ከዚያ እስከ አርባ ምንጭ የእቴቴን አሠራር ስናወራ ሄድን። ብሩን ግን ሲወርዱ ተቀበሉኝ።

አርባ ምንጭ ሙቀቱ ሌላ አገር ያስመስለዋል። የአክስቴ ልጅ ከጫሞ የወጣ ዓሣ ጋበዘኝ፤ ጎኑ ተሰንጥቆ ሙሉውን የተጠበሰ፣ 350 ብር፣ አዲስ አበባ በእጥፍ የማይገኝ። ዓሣ ዱለትም ቀመስኩ፤ ስሙ ከበግ ዱለት የተዋሰ ቢሆንም ምንም ዕዳ የለበትም። ማታ የሚዛን ባትሪ በ60 ብር አገኘሁና ዕቃውን ሰቀልኩት። 610 ግራም ቅቤ። ስንቱ ተላከ፣ ስንቱ አውቶቡስ ላይ ቀረ፣ ስንቱ ነጠላው ላይ? እንግዲህ ሂሳቡ እዚህ ላይ ሞተ።

መብራት ስላልነበረ ውሃ ያፈላነው በከሰል፣ በላቀች ምድጃ ነው። 96 ዲግሪ። ከተማዋ ከቡታጅራ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሦስቱ ዲግሪ ከዚያ የመጣ ነው።

መስከረም 20፣ ሰኞ። ዶርዜና ጨንቻ

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ያለው መንገድ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ሽቅብ ነው። ሁለቱ ሐይቆች፣ አባያና ጫሞ፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ሸንተረር መካከላቸው አድርገው ከታች እየራቁ ይሄዳሉ። ልጆች መንገድ ዳር እየጨፈሩ መኪና ያስቆማሉ። ጆሮዬ ሁለት ጊዜ ተደፈነ። ሰኞ የዶርዜ ገበያ ስለሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው ዶሮው ይበዛ ነበር።

ቤቶቹን በፎቶ አይቻቸዋለሁ፤ አጠገባቸው ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። ከቀርከሃ ተሰፍተው በኮባ ተከድነው እንደ ዝሆን ፊት ኩምቢ አውጥተው ይቆማሉ። ሲሠሩ እስከ 12 ሜትር ይረዝማሉ፤ ምስጥ ከሥር ሲበላቸው የተበላውን እየቆረጡ ስለሚያወርዷቸው ዓመት በዓመት ያጥራሉ። አንዱ ቤት ውስጥ 200 ብር ከፍዬ ገባሁ። እናትዮዋ የእንሰቱን ልጥ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ ሲፍቁ አሳዩኝ። ከዚያ ቆጮ ጋገሩልኝ፤ ስስ፣ ዳሩ የተንኮሻኮሸ፣ ከእቴቴ ይልቅ ሽታው የቀለለ። ከጎኑ ማርና ዳጣ።

ዳጣው በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በድንጋይ የተፈጨ ነው። ልሞክር ብዬ ድንጋዩን ያዝኩ፤ አሥር ጊዜ ገፍቼ ዓይኔን አሸሁ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር መጻፍ አያስፈልግም። እንባዬ ሲደርቅ ቆጮውን በማር በላሁ። ቆጮ በማር ብሎ ነገር ብዬ ንቄው ነበር፤ ኮምጣጣው ማሩን ሲይዘው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ለክትፎ ግን አይሆንም፤ ለዚያ የእቴቴ ወፍራሙ ነው።

ጨንቻ ድረስ ዘልቄ ሻይ ቤት ገባሁ። ቅዝቃዜው ጋቢ ያስፈልጋል። ባለቤትዋን አስፈቅጄ ቴርሞሜትሬን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስነክር ፊቷ ተለወጠ።

«ከጤና ጽሕፈት ቤት ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም፤ የውሃውን ሙቀት ላይ ብዬ ነው።»

«ሙቅ ነው» አለችኝ፣ ብርጭቆ እያጠበች። ያጠበችው ንጹሕ የነበረውን ብርጭቆ ነው፤ እስክወጣም አላመነችኝም። 91 ዲግሪ። ሻይ 15 ብር። በማለዳ 96 ላይ ቡና ጠጥቼ ቀትር ላይ 91 ላይ ሻይ ጠጣሁ ማለት ነው፤ በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ አምስት ዲግሪ።

ስለ መመለሻው ብዙ የምለው የለኝም። አውቶቡሱ ከመስቀል ወደ ሽሮ ሜዳ በሚመለሱ ሸማኔዎች ሞልቶ ነበር፤ በየእግራቸው ሥር በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አለ። እኔም ሁለት ጥቅል ይዤ ነበርና ሽታችን አንድ ሆኖ ገባን።

ጥቅምት፣ አዲስ አበባ

ለእህቴ የላክሁላት ጽሑፍ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ቅቤ 2,040 ግራም፣ ኮሰረት 8 ግራም፣ ኮረሪማ ሰባት ፍሬ። «93 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ መውጣት እንደጀመረ አውርጂ» ብዬ አሠመርኩበት። አሜሪካ የሚሸጠው ቅቤ በሕጉ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ ነው፤ ውሃው ከገበያው ቅቤ ካነሰ ቶሎ ይደርሳል ብዬም አስጠነቀቅኋት። ጨው የሌለበትን ግዢ አልኩ። ራሴን በጣም አደነቅሁ።

አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ስልኬ ጮኸ። ምስል የለም፤ ጩኸት ብቻ ነው።

«93ህን አልፏል! 98፣ 99፣ አሁን 100 ደርሷል! ላውርደው? ገና ነጭ ነው፣ ይንጫጫል!»

ግንባሬን መታሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ የማይል አገር ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው እንደ ትምህርት ቤቱ፣ በ100 ነው። ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ተሸክሜ የዞርኩት ቁጥር የቡታጅራ ቁጥር ነበር።

«አታውርጂው! ቴርሞሜትሩን አውጪና አስቀምጪው። ድምፅ የላክሁልሽን አልሰማሽም?»

«ምን ድምፅ? ያ ዝናብ የሚመስለው? ተሳስተህ የላክኸው መስሎኝ።»

በሌላ ስልክ ከፈተችው። በአንድ ጆሮዬ የእቴቴ ጉልቻ፣ በሌላው የእህቴ ምድጃ ይንጫጫሉ፤ የእቴቴ ድምፅ ከኋላ ስለ ሠርጉ ይናገራል። እህቴ ዝም ብላ ቆየች። እያለቀሰች እንደሆነ ጠረጠርኩ። ልክ ያኔ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ጮኸ። ወንበር ሲጎተት፣ ፎጣ ሲራገብ፣ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ።

«አውጣው» አሉ እቴቴ ከቡታጅራ፣ በተቀዳው ድምፅ።

ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ።

«ዝም አለ!» አለችኝ።

«የቱ? ማንቂያው ነው ቅቤው?»

«ሁለቱም» አለች፤ ድስቱን ስታወርድ ሰማኋት።